ጥቁር የለበሱ የማለዳ እንግዶች

ነፋሱ ከባሕር በኩል በተነሣ ቁጥር እየሩ እጇን ወደ አንገቷ ትልካለች። ሻርፕ ብታደርግም ባታደርግም ለውጥ የለውም። ከቀኝ ጆሮዋ ዝቅ ብሎ አምስት ቀዝቃዛ ጣቶች ያርፉባታል። እርጥብ ናቸው። ዐሥራ አራት ዓመት ሙሉ አልደረቁም።

ለባሏ ለሶሬሳ እንኳ እውነቱን ነግራው አታውቅም። ሶሬሳ ትሩጋኒና በሚባል ሰፈር ካለ መጋዘን ትራክ ይነዳል። ደክሞት ሲገባ "አንገቴን ብርድ መታኝ" ትለዋለች፤ እሱም ከፋርማሲ ቅባት ይገዛላታል። መሳቢያው በቅባት ሞልቷል። የዘጠኝ ዓመት ልጃቸው ላሊሴ ግን ዓይኗ የሚያልፈው ነገር የለም። አንድ ቀን ከትምህርት ቤት ሲመለሱ ከመኪናው የኋላ ወንበር ላይ ሆና፣ እንደ ልማዷ በእንግሊዝኛ፣ "ማም፣ ማን ነው የሚነካሽ?" አለቻት።

እየሩ መሪውን እንደያዘች ክው አለች። ልጅቷ "ምን ሆንሽ" አላለችም። "ማን" ነው ያለችው።

ግሬይ ፖይንት ከሜልበርን በስተምዕራብ፣ ከተማው አልቆ የጎመንና የሰላጣ እርሻ የሚጀምርበት፣ እርሻውም አልቆ ባሕር የሚጀምርበት ትንሽ ቦታ ነው። አንድ ዋና መንገድ፣ አንድ ፖስታ ቤት፣ አንድ የዓሣ ጥብስ መሸጫ፣ እና ጀቲው። ጀቲው ባሕሩ ላይ እየገባ የሚሄድ ረጅም የእንጨት መንገድ ነው። ድልድይ ይመስላል፤ ማዶ ግን የለውም። መጨረሻው ውኃ ነው። እየሩን ወደዚህ ያመጣት ኑሮ ነው፤ ኪራዩ ረከስ ይላል፣ አትክልት ማሸጊያው ደግሞ እንግሊዝኛ ለማታነብ ሴት ሥራ ሰጠ። ሰው የሸሸው ነገር ደጃፍ ላይ ቤት ሲያገኝ ምን ይላል? እሺ ብላ ገባች። ሰባት ዓመት ስትኖር ግን ጀቲውን አንድም ቀን ረግጣው አታውቅም ነበር።

ያን ዓመት የከተማዋ ወሬ ሁሉ ጀቲው ሆነ። ምሰሶዎቹ በስብሰዋልና ካውንስሉ፣ የከተማዋ አስተዳደር፣ ሊያፈርሰው አሰበ። ፈረንጁ፣ ቬትናሙ፣ ሐበሻው አንድ አፍ ሆኖ አይፈርስም አለ። ወሬው እየሩ ማክሰኞ ማክሰኞ ማንበብና መጻፍ ወደምትማርበት ክፍል ድረስ ገባ። አስተማሪዋ ጁዲት "መጽሐፍ ማንበብ ለዛሬ ይብቃን፣ ዛሬ የሰው ስም ነው የምናነበው" ብላ ለተማሪዎቿ የፊርማ ወረቀት አደለች። አንዱ ፖስታ ቤቱ ጋ፣ አንዱ ሱቁ ጋ ቆሞ እንዲያስፈርም ደረሰው። ለእየሩ የደረሳት ጀቲው ነበር።

እምቢ ማለት አፈረች። ስለዚህ ውኃው በእንጨቶቹ ክፍተት እንዳይታያት ዓይኗን ከፊቷ ሳትነቅል፣ በልቧ "አቡነ ዘበሰማያት" እያለች ሄደች።

ጀቲው ጫፍ ላይ አንድ ሐበሻ ሽማግሌ ተቀምጠው ዓሣ ያጠምዱ ነበር። በቅርቡ ነው ሜልበርን ውስጥ አስኮት ቬል ከሚገኝ የመንግሥት ፎቅ ወደ ግሬይ ፖይንት የተዛወሩት። ሰዉ "ጋሼ" ይላቸዋል እንጂ ስማቸውን የያዘ አልነበረም።

"እንደምን ዋሉ ጋሼ። ለጀቲው ፊርማ ላስፈርምዎት ነበር።"

"ይፍረስ ነው ወይስ አይፍረስ?"

"አይፍረስ ነው።"

"እንግዲያ ሁለት ጊዜ ልፈርም።"

"አይፈቀድም ጋሼ።"

"አይ አንቺ! ገና ከአሁኑ ካውንስል ሆነሻል" ብለው ሳቁ።

ወረቀቱ የተያዘበትን ሰሌዳ በግራ እጃቸው ተቀበሏት። እጁ አራት ጣት ብቻ ነበረው። ትንሿ ጣት ከሥሯ የለችም። እየሩ ዓይኗን ከእጁ መንቀል አቃታት። ጽፈው ሲመልሱላት በእንግሊዝኛ ፊደል የተጻፈውን ስም ከንፈሯን እያንቀሳቀሰች አንድ በአንድ ተከተለችው። ረጅም ስም ነው። ታውቀዋለች።

"አነበብሽው?"

"አዎ... ጋሼ ወንድማገኘሁ።"

"ጎበዝ! የዚህ አገር ፈረንጅ ሁሉ ምላሱ የሚታሰርበት ስም ነው።"

እየሩ አመስግና ተመለሰች። እንዴት እንደተመለሰች አታስታውስም። ቤቷ ገብታ፣ በር ዘግታ፣ ከቁም ሳጥኑ ሥር የፕላስቲክ ከረጢት አወጣች። በከረጢቱ ውስጥ አንድ ያረጀ አረንጓዴ ሻርፕ አለ። በሻርፑ ጠርዝ ላይ ደብዝዞ የቀረ ጽሑፍ አለ። ያንኑ ስም።

ጽሑፉን የጻፈችው ብሥራት የምትባል ልጅ ናት። እየሩና ብሥራት የተገናኙት ከዐሥራ አራት ዓመት በፊት ጅቡቲ ውስጥ፣ ኦቦክ የባሕር ዳርቻ ላይ፣ ወደ የመን የሚያሻግራቸውን ጀልባ ሲጠብቁ ነበር። ሦስት ቀን በአንድ የግራር ጥላ ሥር፣ በአንድ ጀሪካን ውኃ አሳለፉ። ብሥራት ሃያ ዓመቷ ነው። ሳቂታ ናት፤ የተማረችም ናት።

"አባቴ ሜልበርን ነው" አለቻት። "ጠብቂ፣ ወረቀትሽ ይመጣል ይለኛል። አምስት ዓመት ጠበቅሁ። ወረቀቱ በኤሊ የተጫነ መሰለኝ።" ቀጥላም ስለ እጁ አወራቻት፤ ትንሿን ጣቱን የእንጨት መሰንጠቂያ እንደቆረጠው፣ ልጅ ሳለች በዚያች በጎደለችው በኩል ይዛው ትሄድ እንደነበር።

በመጨረሻው ቀን እስክሪብቶ አወጣች። በእየሩ ሻርፕ ላይ የአባቷን ስምና ስልክ በእንግሊዝኛ ፊደል ደጋግማ አድምቃ ጻፈች። በራሷ ሻርፕ ላይ ደግሞ የእየሩን እናት ስምና ቀበሌ።

"አንዳችን ብንቀር ሌላችን እንናገር" አለች።

"እኔ እኮ ማንበብ አልችልም።"

"ታዲያ ለሚያነብ ታሳዪዋለሽ። ቀላል ነው።"

ቀላል አልነበረም። የየመን ዳርቻ ገና በጨለማ ውስጥ እንደ ጥላ ሲታይ ደላሎቹ ዱላ አንሥተው "ዝለሉ!" አሉ። ዘለሉ። ሁለቱም ዋና አያውቁም። ብሥራት የእየሩን አንገት ያዘች። "እየሩ፣ አትልቀቂኝ" አለች። እየሩ አንድ ጊዜ ሰመጠች፣ ሁለተኛ ሰመጠች። በሦስተኛው እጇን ወደ አንገቷ ልካ የብሥራትን ጣቶች አንድ በአንድ አላቀቀቻቸው። ወዲያው እግሯ አሸዋ ነካ። ዞር ስትል ማንም አልነበረም። አሸዋው ከዚያ ቦታ ሦስት እርምጃ ነበር የሚርቀው።

ስልክ ቁጥሩን ባሕሩ አጠበው። ስሙ ቀረ። ለሚያነብ ማሳየት ስለፈራች፣ ስሙን ራሷ ለማንበብ ዐሥራ አራት ዓመት ፈጀባት።

መናገር እንዳለባት ታውቃለች። ግን ዐቢይ ጾም ነው፣ ፋሲካ ይለፍ አለች። ፋሲካ አለፈ። ከዚያ እሳቸው ጉንፋን ያዛቸው፤ የታመመ ሰው መርዶ አይረዳም። ከዚያ ክረምቱ ገባ። በዚህ መሀል እግሯ ወደ ጀቲው መሄድ ለመደ። ምሳ በዕቃ ቋጥራ ትወስድላቸዋለች፤ አጠገባቸው ትቀመጣለች። ጋሼ ወንድማገኘሁ ያጠመዱትን ዓሣ ሁሉ ከመንጠቆው እየፈቱ ወደ ባሕሩ ይመልሳሉ።

"ለምን አይበሉትም ጋሼ?" አለቻቸው አንድ ቀን።

"ዓሣ ምን በልቶ እንደወፈረ በምን አውቃለሁ?"

እየሩ የምሳ ዕቃውን ክዳን ዘጋች።

"ልጅ ነበረችኝ" አሉ ቆይተው። "አለችኝ። የትኛውን እንደምል አላውቅም። ባሕር ገባች ያለኝ ሰው አለ፤ ወጣች ያለኝ የለም። ሞታለች ብዬ እርሜን እንዳላወጣ፣ መርዶዋ አልመጣም። አለች ብዬ እንዳልተኛ፣ ድምፅዋ የለም። ስልኬን ዐሥራ አምስት ዓመት አልቀየርሁትም። የሚሸጡልኝ ልጆች ይስቁብኛል፤ 'ጋሼ፣ ይሄ ስልክ ሙዚየም ይግባ' ይላሉ። ቁጥሩ ቢጠፋስ?"

"ወደዚህ ለምን መጡ ታዲያ?"

"ውኃ ሁሉ አንድ ነው ብዬ። ፎቅ ላይ ሆኜ ከምጠብቅ ደጁ ላይ ልጠብቅ።"

እየሩ አፏን ከፈተች። ከእንጨቶቹ ሥር ውኃው ምሰሶውን ኳ፣ ኳ አደረገ፤ በር የሚያንኳኳ ሰው ይመስል ነበር። ላሊሴን ከትምህርት ቤት የማምጣት ሰዓቴ ደረሰ ብላ ተነሣች። ዞር ብላ ስታይ በእሷና በጋሼ መካከል፣ ክው ብሎ በደረቀው እንጨት ላይ፣ አንድ ሰው ተቀምጦበት የተነሣ የሚመስል እርጥብ ቦታ ነበር። ያን ቀን ዝናብ አልዘነበም።

በማግሥቱ ማሸጊያው ውስጥ፣ የሰላጣውን ውጭ ቅጠል እየገፈፉ ሳለ፣ እየሩ አጠገቧ ለቆሙት ለእትዬ ለተብርሃን ጨዋታ አስመስላ ጥያቄ አቀረበች። እትዬ ለተብርሃን ከሐበሾቹ ሁሉ በዕድሜ ትልቋ ናቸው፤ ለቅሶም ሠርግም ያለ እሳቸው አይጀመርም።

"እትዬ፣ መርዶ ያረጃል?"

"ምን ማለትሽ ነው?"

"ሰው ከሞተ ብዙ ዓመት ቢሆነው። ቤተሰቡ ሳይሰማ።"

"መርዶ ሞቱ የሆነ ቀን አይደለም የሚወለደው፣ የተነገረ ቀን ነው። አያረጅም።" እጃቸው ከቅጠሉ አልተነቀለም። "ግን ወግ አለው። ብቻን አይኬድም። ሰው ይሰበሰባል፤ በማለዳ፣ ባለቤቱ እህል ሳይቀምስ፣ ከቤቱ ሳይወጣ። መንገድ ላይ፣ ሥራ ላይ፣ በስልክ ጣል አድርጎ መሄድ ሰውን ሁለት ጊዜ መግደል ነው። ማን ሞተብሽ?"

"ማንም። እንዲያው ነው።"

ከማዶ ሳጥን የሚደረድረው ሙሌ ሰማቸው። ሙሌ ነገር ካልቀለደበት አይዋጥለትም። "እትዬ፣ እኔ ስሞት በጽሑፍ መልእክት ይላኩልኝ። ለቅሶ ላይ የሚመጣውን ሰው ማስተናገድ አልችልም።"

"አንተ ስትሞትማ ሠርግ ነው የምደግሰው!" አሉት። መስመሩ ሁሉ ሳቀ። እየሩም ሳቀች።

ሰው እሰበስባለሁ አለች በልቧ። ቅዳሜ። ቅዳሜ ሲደርስ ለሚቀጥለው ቅዳሜ። የምትሰበስበው ሰው ፊት "ማን አየ?" ይባላል። "እኔ" ትላለች። "ታዲያ አንቺ እንዴት ወጣሽ?" ይባላል። እያሳሳቀ ይወስዳል እንደ ውኃ እንደሚባለው፣ ቀጠሮው እንዲሁ እያሳሳቀ ሰባት ወር ወሰደባት።

በጥቅምት መጀመሪያ የካውንስሉ ውሳኔ መጣ። ፊርማው ሁሉ አልሠራም። ሐሙስ በአንድ ሰዓት ጀቲው መግቢያ ላይ አጥር ይቆማል፤ ማፍረሱም ይጀመራል። የግሬይ ፖይንት ሰው ቢያንስ ቆመን እናየዋለን፣ ደግሞም እንጮሃለን ብሎ ተቀጣጠረ።

"ለጋሼስ ማን ነገራቸው?" አለ ሙሌ ረቡዕ ዕለት፣ ሥራ ሲወጡ። ማንም አልነገራቸውም። "እንዲያውም ሄደው አጥሩ ፊታቸው ላይ ከሚዘጋባቸው እኛ ከቤታቸው እንውሰዳቸው። የሥራ ፈረቃችን እስከ ሁለት ሰዓት አይጀምርም። በዐሥራ ሁለት ሰዓት በራቸው ላይ እንገናኝ። እሳቸው ከኛ ጋር ከቆሙ በጉሮሯቸው ብቻ ማሽኑን ያስቆሙታል።"

ሁሉም ተስማማ። የሚሆነውን ማንም አላሰበውም፤ እትዬ ለተብርሃን እንኳ አላሰቡትም። ማታ እየሩ ሻርፑን ከከረጢቱ አውጥታ በጃኬቷ ኪስ ከተተችው። ለምን እንደከተተችው አታውቅም። ጀቲው ከፈረሰ ጋሼ የሚጠብቁበት ቦታ አይኖራቸውም፤ ያን ብቻ ነበር የምታስበው።

ሐሙስ ገና ሊነጋጋ ሲል ስድስት ሰው በጋሼ ወንድማገኘሁ በር ላይ ተሰበሰበ። ነፋሱ ከባሕር በኩል ነበር። ቀጥታ ወደ ሥራ ስለሚያልፉ ሁሉም የማሸጊያውን ጥቁር ጃኬት ለብሰዋል። እትዬ ለተብርሃን ብርዱን ፈርተው ነጠላ ደርበዋል፤ በጨለማ በጥድፊያ ሲያደርጉት ጥለቱ ወደ አንገታቸው ዞሮ፣ ነጠላው እንደ ሐዘንተኛ ተዘቅዝቋል። ሙሌ እንኳ ቡናውን ስላልጠጣ ዝም ብሏል። ሦስት ጊዜ አንኳኳ።

በሩ ተከፈተ። ጋሼ ወንድማገኘሁ በፒጃማ፣ ባዶ እግራቸውን ወጡ። የእያንዳንዱን ፊት አዩ። ሌላው "እንደምን አደሩ" ይላል ብሎ ሁሉም ጠበቀ። ማንም አላለም። ጋሼ ጃኬቶቹን አዩ። ነጠላውን አዩ። እጃቸው ቀስ ብሎ ወደ ራሳቸው ወጣ።

"ወይኔ ልጄን!" አሉ። "ወይኔ ብሥራትዬ! መጣችሁ? መጣችሁብኝ?"

ጉልበታቸው ታጠፈ። ሙሌ ዘሎ ያዛቸው።

"ኧረ ጋሼ! ኧረ በማርያም! ለጀቲው ነው የመጣነው! ዛሬ ሊያጥሩት ነው፣ እንውሰድዎት ብለን ነው!"

"ለጀቲው?"

"ለጀቲው! ሌላ ምንም የለም!"

እትዬ ለተብርሃን ወደ ራሳቸው ተመለከቱና ደረታቸውን መቱ። "ወይ ሞኝነታችን! በማለዳ፣ በዚህ ልብስ! እኔ ሽበታሟ ሳላስበው! ክፉ ይራቅ፣ ክፉ ይራቅ!" እያሉ ነጠላውን ፈትተው ገለበጡት።

ጋሼ ወንድማገኘሁ ግድግዳውን ተደግፈው ተነሡ። እንባቸው ይወርዳል፤ በእንባው መሀል ሳቅ መጣ። "ገደላችሁኝ እኮ! ሽማግሌ እንዲህ ይቀሰቀሳል?"

"ጋሼ፣ ይሄን ጩኸት ለካውንስሉ ባስቀመጡት!" አለ ሙሌ። ያኔ ሁሉም ሳቀ። ድንጋጤው ስለወጣላቸው አብዝተው ሳቁ።

እየሩ ብቻ አልሳቀችም። አምስቱ ጣቶች አንገቷ ላይ ነበሩ፤ እንደዚያ ሌሊት አጥብቀው ያዟት። ማለዳ ነው። ሰው ተሰብስቧል። እህል አልቀመሱም፣ ከቤታቸው አልወጡም። ወጉ በራሱ እግር መጥቶ በሩ ላይ ቆሟል። ይህ ሳቅ ከበሩ ላይ ተነሥቶ ወደ መንገድ ከወጣ እሷ ዕድሜ ልኳን አትናገርም። ይህን እንደ ፀሐይ አወቀችው።

"ጫማዎን ያድርጉና እንሂድ ጋሼ" አለ ሙሌ።

ጋሼ ዞሩ።

"ጫማዎን አያድርጉ" አለች እየሩ።

"ለምን ልጄ?"

"ልክ ነው የመሰለዎት።"

ሳቁ እንደ ተቆረጠ ክር ቆመ። እየሩ ከኪሷ አረንጓዴውን ሻርፕ አወጣችና በሁለት እጇ ዘረጋችላቸው። ጋሼ ወንድማገኘሁ ወደ በሩ መብራት አስጠግተው ጠርዙን አዩ። የገዛ ስማቸው ነው። ጽሕፈቱን ለማወቅ ግን ስሙን እስከ መጨረሻው ማንበብ አላስፈለጋቸውም።

"ማን አየ?" አሉ። ድምፃቸው ዝቅ ብሎ፣ የሌላ ሰው ድምፅ ሆኖ ነበር።

"እኔ።"

"የት?"

"የመን ዳርቻ። ሦስት እርምጃ ሲቀረን።"

"ብቻዋን ነበረች?"

"አልነበረችም። አንገቴን ይዛኝ ነበር።" እየሩ ትንፋሿን ሳበች። ከዚህ ወዲያ ያለውን ቃል ለማንም ብላው አታውቅም። "ጣቶቿን አላቀቅኋቸው፣ ጋሼ። አንድ በአንድ። ልሞት ነው ብዬ። 'አትልቀቂኝ' እያለችኝ።"

ከኋላዋ አንድ ሰው "እየሩ!" አለ። ሙሌ አንድ እርምጃ ከእሷ ራቀ። ጋሼ ወንድማገኘሁ ሻርፑን በቀኝ እጃቸው እንደጨበጡ ወደ እሷ መጡ። እየሩ ዓይኗን ጨፈነች። ጥፊውን ጠበቀች፤ ይገባኛልም አለች።

"የት ጋ ነው የያዘችሽ?" አሉ።

እየሩ የጃኬቷን አንገት ወደ ታች ሳበች። በጣቷ አሳየቻቸው።

ጋሼ ወንድማገኘሁ ግራ እጃቸውን አነሡና እዚያው ላይ አሳረፉት። ልጃቸው ለመጨረሻ ጊዜ የነካችው የሰው ገላ ያ ነው። እጁ ከእንቅልፍ የወጣ፣ የሚሞቅ እጅ ነበር። እንዲያ ቆሙ። ከጀቲው በኩል የከባድ መኪና ድምፅ ተሰማ፤ የሰውም ጩኸት ተከተለ። ከስድስቱ ግን የተንቀሳቀሰ አልነበረም። እትዬ ለተብርሃን ቀስ ብለው ነጠላቸውን ፈቱና መልሰው አዘቀዘቁት። ያኔ ጋሼ ወንድማገኘሁ፣ እጃቸውን ከአንገቷ ሳያነሡ፣ ዐሥራ አራት ዓመት የዘገየውን ለቅሶ ጀመሩ።

እየሩ አብራቸው አለቀሰች። አራቱ ጣቶች ያረፉበት ቦታ ሞቀ፤ እርጥበቱም ደረቀ። ትንሿ ጣት በምትጎድልበት በኩል ግን፣ ብሥራት በልጅነቷ ይዛው ትሄድ በነበረው በዚያ ክፍት ቦታ፣ አንዲት ቀዝቃዛ ጣት እንደያዘቻት ቀረች።